የ2008 ካዲላክ የምትገዙ፣ ስክሪኑ የሚያሳየውን የዘይት ፐርሰንት አትመኑ

ያገለገለ ካዲላክ ሲቲኤስ፣ በተለይ የ2008ን ወይም የ2009ን ሞዴል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ስገዛ የነገረኝ ሰው አልነበረም። መኪናዬን እወዳታለሁ፣ ዛሬም እየነዳኋት ነው። ግን ሞተሯን ለጥቂት ነው ያተረፍኩት።

መጀመሪያ ካዲላክ ምን አስመረጠኝ? እዚህ ቨርጂኒያ የማውቀው ሐበሻ በሙሉ ቶዮታ ወይም ሌክሰስ ግዛ ነው ያለኝ። ካዲላክ ሲሰሙ "የሽማግሌ መኪና" ይላሉ። ስሙ እንዲህ የወረደው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1982 ሞዴል ብለው ሲማሮን የሚባል መኪና አወጡ። ከላይ የካዲላክ አርማ፣ ከሥሩ ግን የሼቭሮሌ ካቫሊየር ነበር። በ90ዎቹ የመጣው ኖርዝስታር ሞተር ጉልበት ነበረው፤ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ቡሎን ከአሉሚኒየሙ ብሎክ ላይ ጥርሱን እየነቀለ ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም መሐል ያለውን ማሸጊያ፣ ያስበላ ነበር። ይባስ ብሎ በ1998 ሊንከን በሽያጭ ሲቀድማቸው የታኅሣሥን ቁጥር ከፍ አድርገው ሪፖርት አደረጉ። በ1999 ጉዳዩ ወጣና ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በታች መውረድ ይቻላል ብዬ አላስብም።

ያነሳቸው ሲቲኤስ ነው። በ2002 ገበያ ላይ ዋለ። ከኋላ ጎማ የሚገፋ፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ ጀርመን አገር ኑርበርግሪንግ የሚባለው የውድድር መንገድ ላይ የተፈተነ መኪና። ሁለተኛው ትውልድ፣ የ2008ቱ፣ የሞተር ትሬንድ መጽሔት የዓመቱ መኪና ሆነ። ባለ 3.6 ሊትር ዳይሬክት ኢንጄክሽኑ ሞተር 304 የፈረስ ጉልበት አለው። እኔን ያሸነፈኝ ግን ውስጡ ነው። ዳሽቦርዱ የተሰፋ ነው፣ ክሩ በጣት ይዳሰሳል። መሐል ላይ ባለ ዘንግ ሰዓት አለ። ናቪጌሽን ያለው ከሆነ ስክሪኑ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ያን ያየ ሰው የሲማሮንን ታሪክ ይረሳል። ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል፣ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ግዢው ራሱ ቀላል ነበር። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ንጹሕ መሆኑን አየሁ፣ የአደጋ ታሪኩን በቪን ቁጥሩ፣ በመኪናው መለያ ቁጥር፣ አወጣሁ፣ ነዳሁት፣ ተከራከርኩ፣ ከፈልኩ። የመኪና ምዝገባ ቢሮው፣ ዲኤምቪ፣ ሄጄ በስሜ አዞርኩ፣ ኢንስፔክሽኑንም አለፈ። እዚህ ላይ የምመክረው የለኝም።

ችግሩ የመጣው በኋላ፣ አንድ ብርዳማ ጠዋት ላይ ነው። ሞተሩን ሳስነሳ ከፊት በኩል ለጥቂት ሰከንድ የብረት መንቀጫቀጭ ሰማሁ። ወዲያው ጠፋ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቼክ ኢንጂን በራ፣ ጉልበቱም ቀነሰ። አንድ የታወቀ የእኛ ሰው ጋራዥ ወሰድኩት። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ሲያነብ ፒ 0008 እና ፒ 0017 አወጣ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ካቴናው ተለጥጧል" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሞተር ታይሚንጉን፣ ማለትም የውስጥ ክፍሎቹ እኩል የሚዞሩበትን ጊዜ፣ የሚጠብቀው እንደ ብስክሌት በካቴና ነው። ሦስት ካቴና አለው። ዘይቱ ሲያረጅና ሲቀጥን የካቴናው መጋጠሚያዎች ይበላሉ፣ ርዝመቱ ይጨምራል፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍትና ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት መናበብ ያቆማሉ። ችላ ከተባለ ሞተሩ ይበላሻል። ዘይቱ መቼ ይቀየር የሚለውን ደግሞ መኪናው ራሱ በፐርሰንት ይነግራችኋል። የባለቤቱ መመሪያም እሱን ተከተሉ ይላል። ያን ቀን ስክሪኑ ላይ ያለው ፐርሰንት ገና ብዙ ይቀራል እያለ፣ መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ አሳየኝ። ጫፉ ላይ ብቻ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር፤ ዘይቱ ሊያልቅ ደርሷል ማለት ነው። የካዲላክ ባለቤት የሆነው ጂኤም ራሱ በእነዚህ 3.6 ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ ቀደም ብሎ እንዲያስጠነቅቅ በአዲስ ፕሮግራም አስተካክሎታል፣ ለአንዳንድ ሞዴሎችም የካቴናውን ዋስትና አራዝሟል። ለእኔ ግን የደረሰኝ አንድም ወረቀት አልነበረም።

ከዚያ ካቴናውን በዋስትናው እንዲቀይሩልኝ ወደ ዲለሩ፣ ካዲላክ ወደሚሸጠውና ወደሚጠግነው ድርጅት፣ ሄድኩ። የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ካውንተሩ ላይ ያለው ሰው የቪን ቁጥሬን ኮምፒውተር ውስጥ ሳያስገባ "ይኼ ዋስትና ያንተን መኪና አይመለከትም" አለኝ። አስገባውና እይ አልኩት። መጀመሪያ የምርመራ ክፈል አለ። ከፈልኩ። መኪናውን አሳደሩት። ሲደውሉልኝ "ዘይት በሰዓቱ ስላልተቀየረ ነው" አሉኝ። ደረሰኞቼን ይዤ ሄድኩ፣ በቀን ተራ የተደረደሩ ናቸው። አገላብጦ እንኳ አላያቸውም። ከእኔ በፊት የነበረውን ባለቤት ደረሰኝ አምጣ አለኝ። የማላውቀውን ሰው ደረሰኝ ከየት ነው የማመጣው? ቀጥሎ ደግሞ ሞተሩን በራስህ ወጪ እናስከፍትና ካምፓኒው እምቢ ካለ ሁሉንም ትከፍላለህ አለ። ወረቀት ላይ ጻፍልኝ ስለው አልጽፍም አለ።

የአምራቹ የደንበኞች መስመር ላይ ደወልኩ። ኬዝ ቁጥር ሰጡኝ። በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ እኔም ታሪኩን ከሀ ጀምሬ እተርካለሁ። ያ ሁሉ ሲሆን መኪናዋ ቆማለች፣ እኔ ሥራ የምሄደው በባስ ነው።

በመጨረሻ መኪናዋን በጎታች አስወጥቼ ሌላ ከተማ ያለ ዲለር ወሰድኳት። እዚያ ያለችው ሴት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቪን ቁጥሩን መጻፍ ነው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች፣ ታሪኩን አብረን አነበብን። ደረሰኞቼን ስካን አድርጋ ለአምራቹ ላከች። ካምፓኒው የዕቃውን ዋጋ ቻለ፣ የእጅ ዋጋውን እኔ ከፈልኩ። ሙሉ ድል አይደለም። ግን ያው ካምፓኒ፣ ያው መኪና፣ ያው ወረቀት፤ ልዩነቱ ካውንተሩ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነብኝ በ2016 ነው። በዚያው ዓመት ካዲላክ ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ፣ ሀድሰን ስትሪት ላይ፣ ቡና የሚጠጣበትና የሥነ ጥበብ ሥራ የሚታይበት ካዲላክ ሀውስ የሚባል ቤት ከፈተ። ዋና መሥሪያ ቤቱንም ከሚሺጋን ወደ ኒውዮርክ አዙረው ነበር። እኔ የምለው፣ ስምን ለማደስ ማንሃተን ቡና ከማፍላት አንድ የካውንተር ሠራተኛ ማሠልጠን ይቀድም ነበር። የያኔው አለቃ ዮሃን ደ ኒሸን ችግሩ ገብቶት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ900 በላይ የካዲላክ ዲለር ነበረ፤ ቤንዝና ቢኤምደብሊው እያንዳንዳቸው 400 እንኳ አይሞሉም ነበር። ብዙዎቹ የካዲላክ ዲለሮች ከሼቭሮሌ ወይም ከቢዊክ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ፣ በዓመት ጥቂት ካዲላክ ብቻ ይሸጡ ነበር። ጥቂት ለሚሸጥለት መኪና ማን ባለሙያ ያሠለጥናል? በ2016 400 ያህል ትንንሽ ዲለሮች ገንዘብ ውሰዱና ካዲላክ መሸጡን ልቀቁ ተብለው ነበር፤ አብዛኞቹ እምቢ አሉ። ሰውየው በ2018 ሄደ፣ መሥሪያ ቤቱም ወደ ሚሺጋን ተመለሰ። የዲለሮቹ ቁጥር የወረደው ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ነው። በ2020 ወደ 880 የነበረው በ2021 መጨረሻ ወደ 560 ገደማ ደረሰ።

እንግዲህ ምክሬ። ዘይቱን በ5,000 ማይል ቀይሩ፣ ሙሉ ሲንቴቲክ ይሁን። ፐርሰንቱ 50 ቢል 60 ቢል ተዉት። መመሪያው ከዚህ የተለየ ይላል፤ እኔ ግን የማምነው የተበላውን ካቴና ነው። አሮጌውን አስቀምጬዋለሁ፣ ከአዲሱ ጎን ሲዘረጋ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቤንዚን ስትሞሉ የዘይት ዘንጉን መዛችሁ እዩ። ደረሰኝ አትጣሉ፣ ማይሉን ጻፉበት። ስትገዙ ደግሞ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ፣ ሞቆ ካገኛችሁት በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው የሚናገረው። ኮድ ስታስነብቡ መብራት ያላበራውንም፣ ገና የሚጠባበቀውን ጭምር አስነብቡ። ሻጩ በቅርቡ ባትሪ ነቅሎ ከሆነ ኮዱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ጥቂት ማይል ነድታችሁ እንደገና አስነብቡ።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ሊሪክ የሚባለውን የካዲላክ ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነድቼዋለሁ፣ ግሩም ነው፤ ጸጥታው ደስ ይላል። የነገርኩት ግን መኪናውን ከማየትህ በፊት ዲለሩ ሰርቪስ ክፍል ገብተህ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ ነው። ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ ካውንተሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ቪን ቁጥሩን ይጽፋል ወይስ ዝም ብሎ መልስ ይሰጣል? ሁለተኛው ከሆነ ሌላ ከተማ ያለ ዲለር ፈልግ።