አትመልሱለት

ስድብ የጻፈን ሰው ከላይቭ ቻት ማስወጣት ቀላል ነው። ስሙን መንካት፣ መደበቅ፣ በቃ። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ሄዷል። የሚመልሱለት ሰዎች ግን ገና መጻፍ መጀመራቸው ነው።

ትናንት ይህንኑ ሳስብ ነው ያመሸሁት። ኩላሊቷን ለታመመች አንዲት ልጅ እርዳታ የሚሰበሰብበት የዩቲዩብ ላይቭ ነበረን። ቻቱን የምንጠብቀው፣ ማለትም ሞደሬተሮቹ፣ ሁለት ነን። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ጓደኛዬ ሪያድ ናት። እኔ ጋ እሁድ ከሰዓት ሲሆን እሷ ጋም አዲስ አበባም መሽቷል። ጠዋት ሥራ አለባት። ቢሆንም ላይቩ እስኪያልቅ ስልኳን አታስቀምጥም።

መጀመሪያ የመጡት አጭበርባሪዎች ናቸው። እንደሚመጡ እናውቅ ነበር። ጎፈንድሚ የሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ ማሰባሰቢያውን የሚከፍተው ውጭ ያለ ዘመድ ነው። አገር ቤት ያሉት ደግሞ በባንክ ወይም በቴሌብር ይልካሉ። ሌባው የሚገባው እዚህ መሃል ነው። የአዘጋጁን ስምና ፎቶ ገልብጦ አካውንት ይከፍታል። ከዚያ "ቁጥሩ ተቀይሯል፣ በዚህ ላኩ" ብሎ የራሱን ይለጥፋል። ለዚህ መላ አበጅተናል። ሊንክ ታግዷል። ትክክለኛው ቁጥር የሚታየው ቪዲዮው ላይ ብቻ ነው። ቻት ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር ሁሉ ይጠፋል፤ እኛም አንጽፍም። ሰማያዊዋ የመፍቻ ምልክት ከስሙ አጠገብ ሳትኖር "ሞደሬተር ነኝ" የሚልን ሰው አትመኑ እያልን ደጋግመን እናስታውሳለን። ሌባውን ስናጠፋው ይሄዳል። የሚከራከርለትም የሚመልስለትም የለም።

ስድብ ግን እንደዚያ አይደለም። የልጅቷ ወንድም ቀርቦ ስለ እህቱ መናገር ሲጀምር፣ አንድ ሰው ከስሟ ተነስቶ ብሔሯን ገመተ። የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ጓደኛዬ ወዲያው አጠፋችው። ያየው ግን አይቷል። ሰዎች ተቆጡ። መጀመሪያ እሱን ሰደቡት። ቀጥሎ የእሱን ብሔር ገመቱ። ከዚያ ብሔሩን በሙሉ ሰደቡ። ይሄኔ የዚያ ብሔር ልጆች የሆኑ፣ ለእርዳታ የገቡ፣ እስካሁን ምንም ያላሉ ሰዎች ተነሱ። ሰውየው ከሄደ ቆይቷል። ቻቱ ግን የእሱ ሆኖ ቀረ።

ብዙ ሰው "ስድቡን ለምን ቀድማችሁ አታግዱትም?" ይለናል። እናግዳለን። የታገዱ ቃላት ዝርዝር አለን፤ በየላይቩ ይረዝማል። ችግሩ የፊደላችን ነው። አንድ ቃል ውስጥ አንድ "አ" እና አንድ "ሰ" ካሉ፣ "አ"ን በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ መጻፍ ይቻላል። "ሰ"ን ደግሞ በሰ ወይም በሠ። ስምንት ዓይነት አጻጻፍ ማለት ነው። ከፊቱ "የ" ወይም "ለ" ሲገባ፣ ከኋላው "ዎች" ሲቀጠል ስንት እንደሚሆን አስቡት። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈው አለ፤ በፊደላቱ መሃል ነጥብ የሚከተውም አለ። የብሔር ስም ደግሞ ጭራሽ አይታገድም። ሰው እንዴት የራሱን ስም እንዳይጽፍ ይከለከላል? ማሽኑ አንድን ስም በፍቅር የጠራውንና በንቀት የጠራውን አይለይም። ለዚህ ሰው ያስፈልጋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅና ንቁ የሆነ ሰው።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ትዊች በሚባለው የላይቭ መድረክ ላይ የጥላቻ ወረራ የሚባል ነገር በርትቶ ነበር። በተለይ የጥቁር አሜሪካውያን ላይቭ ላይ እጅግ ብዙ የሐሰት አካውንቶች በአንድ ጊዜ እየገቡ ቻቱን በስድብ ያጥለቀልቁት ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን ብዙ ላይቭ አቅራቢዎች በተቃውሞ ለአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። ኩባንያው በዚያው ወር ሁለት ሰዎችን ከሰሰ። በ2022 መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥበቃዎቹን ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚያበራ መሣሪያ አወጣ። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ግን የእኛ ጉዳይ ይለያል። እዚያ የሚያጥለቀልቀው ሮቦት ነበር። እኛ ጋ የሚያጥለቀልቀው ሰው ነው። ያውም ወገን፣ ልጅቷን ሊረዳ የመጣ ሰው።

አዋጁንም የሚጠቅስልን አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ለፖስት ይሆን ይሆናል። ለላይቭ ቻት 24 ሰዓት ምን ይሠራል? የልጅቷ ወንድም ያን ቃል ያነበበው በዚያው ቅጽበት ነው። እየተናገረ ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር። ድምፁ ሲቆራረጥ ሰማሁት።

ለአዘጋጁ በቴሌግራም ጻፍኩለት። "ጋሼ፣ ቻቱን አይዩት። የተጻፈውንም ጮክ ብለው እንዳያነቡት። ልጁም ስልኩን ያስቀምጥ። እኛ አለን።" እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው። ለተሳዳቢው አልመለሱለትም። ስለ ልጅቷ የትምህርት ቤት ጊዜ ወንድሟን ጠየቁት። ለዚህ ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ፤ አዘጋጅ ስድብን አየር ላይ ካነበበው ከዚያ በኋላ ሞደሬተር የሚሠራው ነገር የለም። ቻቱን የማያይ ተመልካች እንኳ ይሰማዋል።

እኛ ደግሞ ቻቱን አዘገየነው። አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ አንድ ደቂቃ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ይህን ቅንብር በጣም እወደዋለሁ። ማንንም አያስወጣም፤ ማንንም አያዋርድም። የተቆጣ ሰው አንድ ደቂቃ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ስድብ አይጽፈውም። ጓደኛዬ በዚህ መሃል እየደጋገመች ጻፈች፦ "ቤተሰብ፣ አትመልሱለት። ሰውየው ሄዷል። እህታችን እያየችን ነው።" እሷ የምትጽፈው እንደ ታላቅ እህት ነው። ደንብ አትጠቅስም፣ አታስፈራራም። ቀስ በቀስ "እግዚአብሔር ይማርሽ" እና "አላህ ያሽርሽ" ተመልሰው መታየት ጀመሩ። አንዱ ሌላውን "እንዲህ አትበል" ሳይለው ጎን ለጎን ሲወርዱ ማየት ደስ ይለኛል።

አንድ ሰው ግን አልበረደም። ከሁሉ ቀድመው የሚገቡ፣ ሁሌም የሚረዱ፣ ቻቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አባት ናቸው። እሳቸው የጻፉት ከመጀመሪያው ስድብ የማይሻል ነበር፤ አንድን ሕዝብ በሙሉ ነው የነኩት። ጣቴ ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ለ5 ደቂቃ አገድኳቸው። ለአባት ዕድሜ ሰው 5 ደቂቃም ቀላል አይደለም።

ወዲያው ቴሌግራም ላይ መጡ። "ልጄ፣ እኔን ነው የምታግጂኝ? እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው።" እውነታቸውን ነው፤ ለእሷ ብለው ነው። እኔም የመሰለኝን ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ ያንን ሰው ማንም አያውቀውም፤ ነገ ይረሳል። እርስዎን ግን ሁሉም ያውቃል። እርስዎ የጻፉትን ያነበበ የዚያ ሕዝብ ልጅ 'እዚህ ቤት አልፈለግም' ብሎ ነው የሚወጣው። ልጅቷን ሊረዳ መጥቶ።" ብዙ ቆይተው "እሺ" አሉ። እገዳው ሲነሳ ተመልሰው ገቡ። ምንም አልጻፉም፤ እስከ መጨረሻው ግን ቆዩ።

ወዳጅን ማገድ ተሳዳቢን ከማስወጣት የበለጠ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላ ሞደሬተር በዚህ ላይስማማኝ ይችላል። "ያቀጣጠለውና የመለሰው እኩል አይደሉም" የሚለው ክርክር አይጠፋኝም፤ ፍትሕም አለው። ላይቭ ላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ማን ጀመረ የሚለው ሳይሆን ማን ይወጣል የሚለው ነው። ዝም ብሎ የሚወጣውን ሰው አላየውም፤ ስሙንም አላውቅም።

ሌላም ያሳሰበኝ አለ። ላይቩ ካለቀ በኋላ ቻቱን ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "እኔም እጥበት ላይ ነኝ። ሐኪም በሳምንት ሦስቴ ይላል፣ እኔ የምችለው ሁለቴ ነው። ደክሞኛል።" በግራም በቀኝም ስድብ ነው። መልስ የሰጠው የለም። እኔም ጓደኛዬም አላየነውም፤ መስመሩ እየበረረ ነበር። ያን ሰው ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስፈልገው ዋልኩ። በቻናሉ ስር መልእክት ትተንለታል፤ አዘጋጁም በሚቀጥለው ላይቭ መጀመሪያ ላይ ይጠሩታል። ስድብ መጥፎ የሆነው ስለሚያቆስል ብቻ አይደለም። ቦታ ይወስዳል። ለዚያ ሰው የሚገባውን ቦታ ወሰደ።

ጓደኛዬ ጠዋት ከሥራ በፊት ረዥም ድምፅ ላከችልኝ። ሁለት ሰው እንደማይበቃ እሷም ገብቷታል። አንዱ የሚያጠፋ፣ አንዱ የሚያረጋጋ፣ አንዱ ደግሞ ስድቡን ትቶ የታመሙትንና የሚጠይቁትን ብቻ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሦስተኛው ሥራ አዲስ ነው፤ ከሁሉም በላይ እሱን እንፈልገዋለን።

ቋንቋም አለ። ትናንት በኦሮምኛ የተጻፈ ረዘም ያለ መልእክት ወረደ። ወዲያው አንድ ሰው "እየሰደበን ነው፣ አጥፉት" አለ። እኔ ቁቤ በደንብ አላነብም። ያላነበብኩትን ማጥፋት ግፍ ሆነብኝ፤ ማስቀመጥም አስፈራኝ። ጎግል ትርጉም ላይ ለጠፍኩት፤ ከ2022 ጀምሮ ኦሮምኛም ትግርኛም አለው። ምርቃት ነበር። ለልጅቷ ዕድሜ የሚለምን ምርቃት። ለጸሐፊዋ በልብ ምልክት መለስኩላት፤ አጥፉ ያለውንም "ምርቃት ነው ወንድሜ" አልኩት። ግን በየመልእክቱ እየለጠፉ መዝለቅ አይቻልም። ሚኒያፖሊስ ያለ አንድ ወጣት ኦሮምኛውን እሱ ሊያነብልን እሺ ብሏል። ትግርኛ የሚያነብ ሰው ግን ገና እየፈለግን ነው። ቀጣዩ ላይቭ ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ በፊት ማግኘት አለብን።