ከቆራሌው ክምር የወጣው ላፕቶፕ

ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ሲጸዳ ከተሰበረ ወንበርና ከአሮጌ ፕሪንተር ጋር ለቆራሌው የተከመረ ላፕቶፕ አየሁ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሃርድ ዲስኩ ወጥቷል፣ ከኪቦርዱ ሦስት ቁልፍ ጎድሏል። አቧራውን ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከመዝገብ የወጣ ንብረት ስለሆነ ኃላፊያችንን ጠየቅኩት። «ውሰደው አቦ፣ ቦታ ነው የያዘብን» አለኝ።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ላፕቶፕ የላትም። አሳይመንት የምትሠራው በስልክ ነው፣ ያችን ትንሽ ስክሪን ስታይ አምሽታ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ሳገኛት አንጀቴን ትበላኛለች። ስለዚህ ለእሷ የሚሆን ከሆነ ብር አወጣበታለሁ፣ ካልሆነ አልደክምበትም አልኩ።

መጀመሪያ ለአንድ ጠጋኝ አሳየሁት። ሳይከፍተው፣ ቻርጀር እንኳ ሳይሰካ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ለመለዋወጫ ልግዛህ» አለኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ቦርዱ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል ማለት እኮ ለላፕቶፕ የሞት ፍርድ ነው፣ እንዲህ በአንድ እይታ አይባልም። ይዤው ወጣሁ።

ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ባትሪውን ነቅዬ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ባለ 20 ቮልት ቻርጀር ብቻ አስነሳሁት። መብራቱ በራ፣ ቬንትሌተሩ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጭልም ብሎ ቀረ። የበረንዳውን አምፖል አጠፋሁና የስልኬን መብራት ከጎን አስጠግቼ አየሁ። ከስንጥቁ ወዲህ ሌኖቮ የሚለው ጽሑፍ እንደ ጥላ ደብዝዞ ይታያል! ምስሉ አለ፣ የጠፋው ከኋላው የሚያበራው መብራት ነው። በማግስቱ በቪጂኤ ኬብል ከሞኒተር ጋር ሳገናኘው ጥርት ብሎ መጣ። ቦርዱ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳውን አየሁ። ኤፍ1 ተጭኜ ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገባሁ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ እዚያ ላይ ፓስወርድ ተደርጎበት ከሆነ፣ ቲንክፓድ ላይ የቦርዱን ትንሿን ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ የሚቀመጠው ቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ነው። ቢጠይቀኝ ኖሮ እዚያው እተወው ነበር። አልጠየቀኝም።

ኪቦርዱን ሳነሳ ከሥሩ ስኳር ደርቆ ተጋግሯል። ሻይ ፈሶበታል። ደግነቱ ይህ ሞዴል የፈሰሰውን ወደ ታች የሚያስወጣ ቀዳዳ አለው። ቦርዱን በአጉሊ መነጽር ጥግ ጥጉን አየሁት፣ አረንጓዴ ዝገት የለም። ቬንትሌተሩ ውስጥ ግን አቧራው እንደ ጥጥ ተድበልብሎ ነበር፤ በብሩሽ አወጣሁት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውንም ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀየርኩ።

አሁን ሒሳቡ። ስክሪን፣ በወጣው ሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ኤስኤስዲ፣ ኪቦርድ፣ ተጨማሪ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ)። የሁሉም ድምር ተመሳሳይ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሹን ካለፈ እኔ አልነካውም። ታይዋን ገበያ ዞሬ ስጠይቅ ስክሪኑ ብቻውን ሒሳቡን ሊያፈርሰው ነበር፣ በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሻጭ የሰጠኝ ስክሪን የኬብል መሰኪያው ባለ 30 ፒን ነው፣ የቲ430 ደግሞ ባለ 40 ፒን ስለሆነ ሳይገጥም መለስኩት። ያዳነኝ ቦርዱ የሞተ ሌላ ቲ430 ነው። ስክሪኑንም ኪቦርዱንም ከእሱ በአንድ ዋጋ ወሰድኩ። ራሙ አላስቸገረኝም። እስከ 16 ጊጋ ይወስዳል፣ 8 አደረግኩት።

ዕድሜው አሳስቦኝ ነበር፣ በፈረንጆች የ2012 ሥሪት ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት። ለጽሑፍ፣ ለፒዲኤፍ፣ ለፓይተን ፕሮግራሚንግ ልምምድ ይበቃታል። ቪዲዮ የምታቀናብር ብትሆን ግን አልመክራትም ነበር።

ባትሪው ይቀራል። ያለው አምስት ደቂቃ አይቆይም፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በድሬ ሙቀት መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪ ደግሞ አላምንም፣ ደህና እስካገኝ እየጠየቅኩ ነው። እስከዚያ ልጅቷ ሁለት መስመር በጻፈች ቁጥር ሴቭ ታደርጋለች።