ሩዝቬልትና ልጃቸው በጥርጣሬ ወንዝ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የቴዎዶር ሩዝቬልትን ጠባይ ከንግግሮቻቸው ይልቅ የሚገልጥልኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በምርጫ ከተሸነፉ በኋላ ከልጃቸው ከከርሚት ጋር ወደ ብራዚል ጫካ ያደረጉት ጉዞ ነው። በ1914፣ ካርታ ላይ ያልሰፈረውን «የጥርጣሬ ወንዝ» በታንኳ ሲወርዱ እግራቸው ቆስሎ አመረቀዘ፤ ትኩሳትም ተጨምሮባቸው፣ ለጓደኞቻቸው ሸክም ላለመሆን ሲሉ እዚያው ትተዋቸው እንዲሄዱ ለመኑ። ሠርጉን አዘግይቶ አባቱን ሊጠብቅ የመጣው ከርሚት ግን አሻፈረኝ አለ፤ እሳቸውም ተረቱለት። ይህን እሺታ ከድፍረታቸው አስበልጬ አደንቃለሁ። ሆኖም ልጅየው ራሱ በፏፏቴ አጠገብ ባሳየው ችኮላ አንድ ብራዚላዊ ቀዛፊ መስጠሙ አይዘነጋም፤ ወንዙ ዛሬ የሚጠራው በሩዝቬልት ስም እንጂ በሟቹ አይደለም።