ካስታኛ የሚበላሸው እሳት ሳይነካው ነው

ጣሊያን አገር በጥቅምትና በኅዳር ጎዳና ላይ የሚጠበሰውን ካስታኛ (በእንግሊዝኛ ቼስትነት የሚባለውን፣ ቡናማ ቅርፊት ያለውን የዛፍ ፍሬ) ቀምሶ የወደደ ሰው፣ ውሎ አድሮ አንድ ከረጢት ገዝቶ ቤቱ መሞከሩ አይቀርም። አብዛኛው ታዲያ አንዴ ሞክሮ ይተወዋል። የሚያስተወው ልጣጩ ነው። የላይኛው ቅርፊት ቢነሣም ከሥሩ ያለው ስስ ቡናማ ቆዳ ፍሬው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በጥፍር ሲፋቅ ፍሬው ይፈረፈራል፣ ከነቆዳው ሲበላ ደግሞ ይመራል፣ ምላስም ይይዛል። ያኔ ሰው ሁሉ ጥፋቱን እሳቱ ላይ ይፈልጋል። እኔም አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ጉዳዩ የሚያልቀው ቢላዋውና ውሃው ላይ ነው።

ግዢው ላይ ብዙ አልቆይም። የሚያብረቀርቅ፣ ለመጠኑ ከበድ ያለ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ ፍሬ ምረጡ። ቅርፊቱ ከፍሬው ለቆ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደርቋል፤ የደረቀ ደግሞ በምንም ዘዴ በወጉ አይላጥም። ክብ ቀዳዳ ያለበትን ነቀዙ በልቶት ወጥቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ዋጋው ቢወደድም ማሮኒ የሚባለውን ትልቁን ዓይነት ግዙ፤ የውስጥ ቆዳው ወደ ፍሬው ብዙ ስለማይታጠፍ ቶሎ ይነሣል።

ከመናፈሻና ከመንገድ ዳር ግን አትልቀሙ። እዚያ የሚረግፈው ብዙውን ጊዜ የፈረስ ካስታኛ የሚባለው ሌላ ዛፍ ፍሬ ነው። መርዛማ ነው፣ ሆድ ያሳምማል፣ ያስመልሳል፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም ለምግብ አይሆንም። የሚበላው ካስታኛ ጫፉ ላይ ሹል አለው፣ የሚወጣበት ሽፋንም ጥቅጥቅ ባለ ቀጭን እሾህ የተሞላ ነው። የፈረሱ ድቡልቡል ነው፣ ሹል የለውም፣ የሽፋኑ እሾህም አጭርና የተራራቀ ነው።

ቤት ስትገቡ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የተንሳፈፈውን ሁሉ ጣሉ ይባላል፤ እኔ አልስማማም። ትንሽ የደረቀ ጤነኛ ፍሬም ይንሳፈፋል። ሰንጥቃችሁ እዩና ውስጡ ከጠቆረ ወይም ከሻገተ ያን ጊዜ ጣሉት።

አሁን ወደ ቢላዋው። ካስታኛ ሳይሰነጠቅ እሳት ላይ ከወጣ ይፈነዳል። ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል፣ ቅርፊቱም መውጫ አይሰጠውም። ከፎርኖ ከወጣ በኋላ እንኳ ሊፈነዳና ፊት ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ከረጢቱ ላይ ያለው መመሪያም ይናገራል። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚለው ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት ሰንጥቃችሁ በ180 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ጥበሱ ይላል። በዚህ መንገድ ፍሬው አይፈነዳም፣ እውነት ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን ስለ መላጥ ጨርሶ አላሰበም። የመስቀሉ አራት ማዕዘኖች ብቻ ብድግ ይላሉ፤ የውስጡ ቆዳ ሳይቀደድ በቦታው ይቀራል። በዚያ ሙቀት ደግሞ ቅርፊቱ ቀስ እያለ ይደርቃል እንጂ ተገልብጦ አይከፈትም። ገንዘቡን የከፈለ ሰው የታዘዘውን አንድ በአንድ ፈጽሞ፣ ሲበላሽበት ራሱን ይወቅሳል። ይህ አግባብ አይደለም።

ስንጥቁ አንድና ረጅም ይሁን። ካስታኛ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎበጥ ያለ ነው። ጠፍጣፋውን ጎን የታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጡት፤ መክተፊያ ላይ ከሆነ ይንሸራተትና ቢላዋው ጣት ላይ ያርፋል። ከዚያ በጎበጠው ጎን መሐል ለመሐል፣ በአግድም፣ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቁ። ስለቱ ጥርስ ያለው ትንሽ ቢላዋ ይሻላል፤ ለስላሳው ስለት ቅርፊቱ ላይ ያንሸራትታል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፣ ግን ሁለቱንም ሽፋን ማለፍ አለበት። ስንጥቁን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ነጣ ያለው ፍሬ ካልታያችሁ ቡናማው ቆዳ ገና አልተቀደደምና ድገሙት። አንድ ኪሎ መሰንጠቅ ጊዜ ይወስዳል። እዚህ ላይ የተቆጠበ ደቂቃ ሁሉ ሲላጥ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ቀጥሎ ውሃ። ብዙ ሰው ሳይሰነጥቅ ይዘፈዝፋል፤ ያ ቅርፊቱን ለቢላዋ ከማለስለስ ያለፈ ጥቅም የለውም። እኔ ከሰነጠቅሁ በኋላ ድስት ውስጥ ጨምሬ ቀዝቃዛ ውሃ አለብሰውና እጥዳለሁ፤ ልክ መፍላት ሲጀምር አውጥቼ አጠነፍፋለሁ። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ በቆዳውና በፍሬው መካከል ይቀመጣል። ፎርኖ ውስጥ ያው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ቆዳውን ከፍሬው ይገፋዋል።

እሳቱ ቀላል ነው። ፎርኖውን አስቀድማችሁ 220 ዲግሪ አድርሱ፤ ሳይደራረብ፣ ስንጥቁ ወደ ላይ ሆኖ ትሪ ላይ ይደርደር፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ቅርፊቱ ወደ ኋላ ሲጠቀለልና ቢላዋ ሲወጉት ሳይቸግር ሲገባ ደርሷል። በምጣድ ከሆነ፣ እንደ ካስታኛ መጥበሻው ቀዳዳ ቀዳዳ ባይኖረውም ከባድ ብረት ይሁን፤ በመካከለኛ እሳት፣ ተከድኖ፣ ቶሎ ቶሎ እየተናወጠ፣ 30 ደቂቃ ያህል። ማይክሮዌቭ አልመክርም፤ ፍሬውን ያደርቀዋል።

ትሪውን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ እንዳይበርድ። ወዲያው በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ቅርፊቱ ሲሰነጣጠቅ እስኪሰማችሁ ጨምቁት፣ ከዚያ እንደተጠቀለለ 10 ደቂቃ ይቆይ። ስትልጡ አምስት ስድስቱን ብቻ አውጡ፣ የቀረው ተጠቅልሎ ይቆይ። የውስጡ ቆዳ የሚነሣው ፍሬው ትኩስ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ሲበርድ መልሶ ይጣበቃል። ከበረደባችሁ በጥፍር አትታገሉ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክራችሁ ላጡት።

የተረፈውን ጥሬ ጓዳ ውስጥ እንደ ኦቾሎኒ አታስቀምጡ። ቅባቱ ጥቂት፣ ውሃውና ስታርቹ ብዙ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይደርቃል ወይም ይሻግታል። በወረቀት ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ሰንጥቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፤ ሳይሟሟ በቀጥታ ወደ ፎርኖ ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ጨምሩለት።

ሲላጥ የተፈረፈረውን ደግሞ አትጣሉት። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ካስታኛው ገና ገበያ ላይ ነው፤ በመካከለኛው ጣሊያን ከሽምብራ ጋር የሚሠሩት ሾርባም ለጾም ይሆናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ውስጥ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይጠቁር 300 ግራም የተቀቀለ ሽምብራና 200 ግራም የተላጠ ካስታኛ ጨምሩ፤ ሽምብራው በተቀቀለበት ውሃ ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ሲሶውን በማንኪያ ጀርባ ፍጩት፣ ሾርባውን ያወፍረዋል። ጨውን መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ጨምሩ፤ ካስታኛው ጣፋጭ ስለሆነ ከለመዳችሁት ትንሽ በዛ ያለ ጨው ይፈልጋል።