ቲቪው «ኖ ሲግናል» ሲል

ደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱን ተዉት። ዛሬ አጎቴ ቤት የልጁን የሠርግ ቪዲዮ በትልቁ ቲቪ እንይ ተባለ። ላፕቶፔን ምስልና ድምፅ በሚያስተላልፈው የኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኘሁት። ቲቪው «ኖ ሲግናል» ብሎ ቁጭ።

«ገመዱ ነው! የዘንድሮ ዕቃ!» አሉ እትዬ። ገመድ ሁሌም ቀድሞ ይታማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ንጹሕ ነው። ቲቪው ከኋላው ከአንድ በላይ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለው። በሪሞቱ «ሶርስ» የሚለውን ተጭኖ ገመዱ የገባበትን ቁጥር መምረጥ ነው።

ምስል መጣ፤ ግን ባዶ ዴስክቶፕ። ሠርጉ ላፕቶፑ ላይ ቀርቷል። ይሄ «ኤክስቴንድ» የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተሩ ቲቪውን እንደ ተጨማሪ ጠረጴዛ ይቆጥረዋል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የ«P» ፊደልን ቁልፍ አብራችሁ ስትጫኑ ምርጫ ይመጣል። «ዱፕሊኬት» በሉት፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይታያል።

ድምፁ ደግሞ ከላፕቶፑ ወጥቶ ወደ ቲቪው አልሄድም አለ። ሰዓቱ አጠገብ ካለችው የድምፅ ምልክት ገብቶ ቲቪውን መምረጥ ይፈታዋል። (የድሮው ቪጂኤ ገመድ ቢሆን ድምፅ ጭራሽ አይወስድም። ዩኤስቢ ሲ የምትባለዋ ትንሽ ሞላላ መሰኪያ ያላችሁም አስማሚ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ፤ ምስል የማታወጣም አለች።)

እልልታው ሲቀልጥ እትዬ ብድግ አሉ፦ «አንተ ልጅ፣ ግማሽ ፊቴ የት ገባ?»

እውነታቸውን ነው። ቲቪው የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣል። ከቲቪው ማስተካከያ (ሴቲንግ) የምስል መጠን የሚለው ውስጥ ገብቼ «ጀስት ስካን» አልኩት፤ አንዳንዱ ቲቪ ላይ «ስክሪን ፊት» ይባላል። እትዬ ሙሉ ሆነው ተገኙ።

«በል ከመጀመሪያው ጀምረው» ተባልኩ።