የሚቴን ማስወጫ ጉድጓድ አፍ አደፋፈን፦ እስካሁን የደረስኩበት

በደብረ ማርቆስ የማዕድን ምሕንድስናን በጋራ ለምናጠና ባልደረቦቼ፣ ከምድር በታች ባሉ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ሚቴንን (ከከሰሉ የሚወጣውን ተቀጣጣይ ጋዝ) ቀድሞ ስለማስወጣት የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ በነፋስ ማቅጠን ብቻ በማይበቃበት ማውጫ በከሰሉ ንብብር ውስጥ ረጃጅም ጉድጓዶች ተቆፍረው ጋዙ በፓምፕ ተስቦ ይወጣል። ጋዙ በከሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር፣ ግፊቱ ሲቀንስ እየተላቀቀ በስንጥቆች በኩል ወደ ጉድጓዱ ይፈስሳል። ይህን ሁላችንም ስለምናውቀው አላስረዝመውም።

ይበልጥ የያዘኝ የጉድጓዱ አፍ ነው። ለምሳሌ በሴኮንድ 100 ሊትር ድብልቅ የሚስብ መስመር 60 በመቶው ሚቴን ቢሆን፣ 60 ሊትር ንጹሕ ሚቴን ይሰጣል፤ የፓምፑ ኃይል ተጨምሮ ፍሰቱ 200 ሊትር ቢደርስና በአፉ ዙሪያ ሾልኮ በሚገባው አየር ምክንያት የሚቴኑ ድርሻ ወደ 25 በመቶ ቢወርድ ግን የሚገኘው 50 ሊትር ብቻ ነው። የፍሰት መለኪያውን ብቻ የሚያይ ሰው ሥራው የተሻሻለ ይመስለዋል፤ ድብልቁ ግን ወደሚፈነዳበት መጠን እየተጠጋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መመሪያ ሚቴኑ ከ30 በመቶ በታች የሆነ ድብልቅ በቧንቧ እንዳይጓጓዝ የሚመክረውም ስለዚህ ነው።

ይህንኑ ለማየት ያለ ሚቴን፣ በአየር ብቻ የሚሠራ ማሳያ አዘጋጅቻለሁ፦ በርሜል ውስጥ የተጠቀጠቀ ድቃቂ ከሰል፣ በውስጡ የተቀበረ ባለ ቀዳዳ ቱቦ፣ አነስተኛ መሳቢያ ፓምፕና በሁለት ጎኑ ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነት የመሳቡን ግፊት የሚያሳይ፣ ውሃ የያዘ ግልጽ የጎማ ቱቦ። አፉ በአካባቢያችን መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ሲደፈን፣ ጭቃው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ግፊቱን ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን በበጋ ማሳ ላይ እንደምናየው ተሰነጣጥቆ የውሃው ከፍታ ልዩነት ይወርዳል። ቀጠን ያለ የሲሚንቶ ልውስ በቱቦው ዙሪያ ወደ ውስጥ ጠልቆ ሲገባ የተሻለ ይዟል። በማውጫው ውስጥም ጉድጓዱ በሚጀምርበት መተላለፊያ ዋሻ ዙሪያ ያለው ዐለት በዋሻው ቁፋሮ ስለሚሰነጣጠቅ (ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ዳር የኖራ ድንጋዩን ስንጥቆች ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይስለዋል) ድፍኑ ያንን ክፍል አልፎ መግባት አለበት፤ አፉ ላይ ብቻ የተለጠፈ ሲሚንቶ አየሩን በጎን ያስገባል።

ቀጣዩ ሥራዬ ውሃን ይመለከታል። ሽቅብ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃውን በራሱ ያፈስሳል፤ ቁልቁል የተቆፈረው ግን ውሃ ተጠራቅሞ ጋዙን ስለሚያግድበት በየጊዜው መጠረግ ይኖርበታል። ቱቦውን በሁለቱም አቅጣጫ አዘንብዬ የግፊቱን ለውጥ እመዘግባለሁ፤ ከእናንተ መካከል የፍሰት መለኪያ ያለው ቢያውሰኝ ፍሰቱንም አብሬ ለመመዝገብ እችላለሁ።