የብሩክነርን «አቬ ማሪያ» በሁለተኛ ባስ ስለማመድ

ኳየር ለምትዘምሩ ጓደኞቼ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ቪየና የምዘምርበት የአማተሮች ኳየር ለዚህ ወቅት የያዘው የኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የአንቶን ብሩክነርን «አቬ ማሪያ» ነው፤ መልአኩ ገብርኤል ለማርያም ባቀረበው ሰላምታ የሚጀምር የላቲን ጸሎት። የትኛውን ብትሉ ልክ ናችሁ። ሰውዬው ለዚህ ጸሎት ሦስት ጊዜ ዜማ ሠርቶለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1856፣ በ1861 እና በ1882። ሦስቱም በኤፍ ሜጀር፣ ማለትም መነሻው ኤፍ የሚባለው ኖታ በሆነ ስኬል፣ ናቸው። እኛ የያዝነው የ1861ዱን ነው። መሣሪያ የለውም፤ ሰባት ድምፅ አለው። ከሴቶች አንድ ሶፕራኖ (ከፍተኛው) እና ሁለት አልቶ (ዝቅ ያለው)፣ ከወንዶች ሁለት ቴነር (ከፍ ያለው) እና ሁለት ባስ (ዝቅተኛው)። እኔ ከታች፣ ሁለተኛው ባስ ላይ ነኝ።

መጀመሪያ የ1856ቱን ደጋግሜ ሰማሁ። ብሩክነር በኦስትሪያዋ ከተማ በሊንዝ ካቴድራል ኦርጋን መጫወት በጀመረበት ሰሞን የሠራው ነው። ሶፕራኖና አልቶ ብቻቸውን የሚዘምሩት ክፍል (ሶሎ) አለው፤ ኳየሩን ኦርጋንና ቼሎ ያጅቡታል። የሰጠው ለኢግናዝ ትራውሚለር ነው፤ የቅዱስ ፍሎሪያን ገዳም የመዘምራን መሪ ለነበረው። ብሩክነር ራሱ በልጅነቱ በዚያ ገዳም ዘምሯል። ሲሞትም የተቀበረው እዚያው፣ ከኦርጋኑ ሥር ነው። ሥራው ደስ ይላል፣ ግን አላስጨነቀኝም። ብትዝሉም ኦርጋኑ ይይዛችኋል።

በ1856ቱና በ1861ዱ መካከል ያለው ጊዜ ነው የገረመኝ። ብሩክነር ከ1855 እስከ 1861 ቪየና ካለው መምህር ከሲሞን ዜክተር ዘንድ ሃርመኒ (ድምፆችን በአንድ ላይ ማስማማት) እና ካውንተርፖይንት (የተለያዩ ዜማዎችን አብሮ ማስኬድ) ተማረ። አብዛኛው ትምህርት በደብዳቤ ነበር። ዜክተር ደግሞ ትምህርቱ እስኪያልቅ የራስህን ድርሰት እንዳትጽፍ የሚል ሰው ነው። በሰላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ሥራና ስም ያለው ኦርጋኒስት ቁጭ ብሎ የቤት ሥራ ሲሠራ አስቡት! ትምህርቱ እንዳለቀ ይህ ባለ ሰባት ድምፁ መጣ። ግንቦት 12 ቀን 1861፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ብሩክነር የሚመራው «ፍሮዚን» የተባለ ኳየር ሊንዝ ካቴድራል ውስጥ ዘመረው። ኖታውን ስታዩ የዜክተር ልምምድ የት እንደገባ ይታያችኋል። ሰባቱም ድምፆች የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ግን አንዱም ብልጫ ላሳይ አይልም።

አሁን ወደ ዘፈኑ ውስጥ ልግባ። ሲጀምር ሴቶቹ ብቻ ናቸው። ሶፕራኖና ሁለቱ አልቶዎች የመልአኩን ሰላምታ በቀስታ ይዘምራሉ። እኛ ወንዶቹ ዝም ብለን ቆመናል። ከዚያ «ኤት ቤኔዲክቱስ» («የተባረከ ነው» የሚለው) ላይ ወንዶቹ ብቻ በአራት ድምፅ እንገባለን። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ «ዬሱስ» (ኢየሱስ) ይላል፤ ሦስት ጊዜ፣ እያደገ። ሦስተኛው በኤ ሜጀር ኮርድ (አብረው በሚሰሙ ኖታዎች) በሙሉ ኃይል ይወጣል። የመጀመሪያው ግማሽ የሉቃስ ወንጌል ቃል ነው፣ ከ«ሳንክታ ማሪያ» (ቅድስት ማርያም) ጀምሮ ያለው የቤተ ክርስቲያን ልመና ነው። ብሩክነር ስሙን በትክክል መገጣጠሚያው ላይ ነው የተከለው። ከዚያ በኋላ ወደ «አሜን» ሲሄድ ድምፁ ይረግባል፤ የሚያልቀውም በጣም ዝግ ብሎ ነው።

ትልቁ ፈተና ለእኔ ኖታው አይደለም። ኖታው ቶሎ ይያዛል። ፈተናው የወንዶቹ መግቢያ ነው። ሴቶቹ እየዘመሩ ሳለ ትንሽ ፍላት ከሆኑ (ከትክክለኛው ድምፅ ዝቅ ካሉ) እኛ የምንገባው የት ነው? በፒያኖ የለመድነውን ኤፍ ይዘን ከገባን ይጋጫል። እነሱ የደረሱበትን ይዘን ከገባን ደግሞ «ዬሱስ» ላይ ስንደርስ ሁላችንም ወርደናል። መሪያችን የሰጠን መልስ ቀላል ነው፤ ዝም ባላችሁበት ጊዜ የሴቶቹን መስመር በሆዳችሁ ዘምሩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ስለማመድ የራሴን ክፍል ብቻ አልዘምርም። የሁለተኛ አልቶን መስመር እያጎረመርኩ እጀምርና በመግቢያችን ወደ ባሱ እወርዳለሁ። ብዙ ለውጥ አምጥቶልኛል።

ሌላው ድምፅ መቆጠብ ነው። ባስ ስትሆኑ ዝቅ ያለውን ኖታ ለማሰማት መግፋት ያምራችኋል። ስትገፉት ግን ይከብድና ኮርዱን ሁሉ ወደ ታች ይጎትታል። አናባቢውን ወደ ፊት አምጥቶ በቀስታ መዘመር ይሻላል። ትንፋሽ ደግሞ በተራ፤ ጎረቤትህ ሲተነፍስ አንተ ያዝ። ላቲኑ ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «ግራትሲያ» ሲመጣ እንደ ለመድነው ጸ አታጥብቁት፤ ለስለስ ይበል።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ዜማ አንድ ነው፣ ሁሉም ያንኑ ይዘምራል። ጎበዝ ማለት ከጎኑ ካለው ጋር የሚዋሃድ ነው። እዚህ ከጎንህ ያለው ሌላ ነገር እየዘመረ አንተ ያንተን መያዝ አለብህ። በመጀመሪያ ጆሮዬ ሳያስፈቅደኝ ወደ አንደኛ ባስ ይሄድ ነበር። ቃሉ ግን አልራቀኝም። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» እያለ ላደገ ሰው ይህ ጸሎት ባዕድ አይደለም። ምን እየዘመርኩ እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

የ1882ቱን በአጭሩ፦ አንድ አልቶ በኦርጋን ወይም በመሰል መሣሪያ የምትዘምረው ሶሎ ነው። ከኳየራችን አንዷ ሞክራዋለች፤ ቆንጆ ነው። ለእኔ ግን የ1861ዱን አይተካም። ያ ጸሎት ሰው ሲበዛበት ነው የሚያምረኝ።

ቀጣዩ ዕቅዳችን «ቶታ ፑልክራ ኤስ» («ሁለንተናሽ ውብ ነሽ») ነው፤ ይኸው ሰው በ1878 ለሊንዙ ጳጳስ ሩዲጊየር የጵጵስና 25ኛ ዓመት የሠራው። ቴነሩ ብቻውን ይመራል፣ ኳየሩ ይቀበላል። እዚህ ላይ እንኳ እኛ ሀበሾች ልምዱ አለን። ችግሩ ሶሎ የሚዘምር ቴነር የለንም፤ የሚችለውም ብቻዬን አልቆምም ብሏል። እንዲህ ያለውን ሶሎ በሁለት ቴነር አካፍላችሁ የዘመራችሁ ካላችሁ፣ የት ላይ እንደቆረጣችሁት ጻፉልኝ።